የሰላምታ ዕዳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኢንዶኔዥያዋ ዮግያካርታ ከተማ፣ ተከራይቼ በተቀመጥኩበት ቤት ደጃፍ ላይ፣ በየማለዳው አንድ ጥያቄ ይጠብቀኝ ነበር። ጠያቂዋ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ብዙም የማይርቅ ሴት። ከበሩ አጠገብ ባለችው የቀርከሃ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሩዝ ይለቅማሉ። እኔ ማታ ደጃፍ ላይ አውልቄ ያሳደርኩትን ጫማ ሳጠልቅ ቀና ይሉና «ማው ከ ማና፣ ማስ?» ይሉኛል። ቃል በቃል ሲፈታ «ወዴት ልትሄድ ነው፣ ወንድሜ?» ማለት ነው።

መጀመሪያ ሰሞን ጥያቄው ይጎረብጠኝ ነበር። «ወዴት ነው?» የሚለው ቃል በእኔ አገር ላደገ ሰው የሚያስታውሰው ሁለት ድምፅ ነው፤ አንዱ የእናት፣ ሌላው የኬላ ጠባቂ። ሴትዮዋ እናቴ አይደሉም። ስለዚህ በልቤ ወደ ሁለተኛው አደላሁ። ቢሆንም ለተጠየቅሁት በሐቅ መመለስ ልማዴ ነውና፣ በዚያች በለቃቀምኳት ኢንዶኔዥያኛ «ወደ ሥልጠናው ነው የምሄደው፤ ከዚያ ፖስታ ቤት ጎራ እላለሁ፤ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ራት አለኝ» እያልኩ የቀኔን ውሎ አንድ በአንድ እዘረዝርላቸው ጀመር። እሳቸውም ሩዛቸውን ትተው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ በትዕግሥት ያዳምጡኛል። ለካስ እሳቸውም ግራ ተጋብተው ኖሯል!

ከግራ መጋባቱ ያወጣችን አብራቸው የምትኖረው የእህታቸው ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግሊዝኛ ታጠና ነበር። አንድ ቀን ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ እየቀዳች፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «አክስቴ እኮ እየጠየቁህ አይደለም» አለችኝ። «ታዲያ ምን እያሉኝ ነው?» «ሰላም እያሉህ ነዋ! አንተ ‹ጃላን-ጃላን› በልና ሂድ።» «ጃላን» መንገድ ማለት ነው፤ ሲደጋገም ደግሞ መንሸራሸር፣ ዞር ዞር ማለት ይሆናል። ወይም «ከ ሳና» ማለት ይቻላል፤ «እዚያ ድረስ» እንደ ማለት። እዚያ የት እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። መልሱ መልስ አይደለም፤ ጥያቄውም ለነገሩ ጥያቄ አልነበረም።

በማግስቱ «ጃላን-ጃላን፣ ቡ» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። ሩዛቸውን ሳያቋርጡ አንገታቸውን ነቀነቁልኝ። በዚያች ቅጽበት የአገሩ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። በኋላ የተማርኩት ነገር ግን የዚህን ደስታ ያህል ቀላል አልነበረም፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

* * *

እዚያ ምን ወሰደህ ለሚለኝ አንባቢ፣ በግሌ እየጻፍኩ የምተዳደር ሰው ነኝና ለሦስት ወር የጋዜጠኞች ሥልጠና ሄጄ ነው። ከመሄዴ በፊት ስለ ኢንዶኔዥያ የማውቀው ከትምህርት ቤት የቀረልኝን ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1955 በባንዱንግ ከተማ የእስያና የአፍሪካ አገሮች ሲሰበሰቡ ከ29ኙ ተሰብሳቢዎች አንዷ ኢትዮጵያ እንደነበረች። ስለ ቋንቋቸው ምንም አላውቅም። ከሰባት መቶ በላይ ቋንቋዎች የሚነገሩባት ይህች የደሴቶች አገር ማላይኛን የአንድነት ቋንቋ አድርጋ ባሃሳ ኢንዶኔሲያ ብላ የሰየመችው፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 28 ቀን 1928 ወጣቶች በገቡት ቃል ኪዳን መሆኑንም የተረዳሁት እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው። የቤቱ ባለቤት ራሳቸው አፋቸውን የፈቱት በጃቫኛ ነው። ስለዚህ ያ የበር ላይ ጥያቄ እኔ ጋ ሲደርስ አንድ ወንዝ ተሻግሮ ነበር።

ሁለተኛውን ወንዝ የሚሻገረው ለሌላው ተከራይ ሲባል ነው። ከእኔ ሁለት ሳምንት በኋላ አንድ እንግሊዛዊ ወጣት የኋለኛውን ክፍል ያዘ። ቋንቋ ሊያስተምር የመጣ ነው፤ የአገሩን ቋንቋ ግን ገና አልጀመረም። አስተርጓሚው ያቺው ልጅ ሆነች። እሳቸው «ማው ከ ማና?» ይሉታል፤ እሷ «ጉድ ሞርኒንግ ይሉሃል» ትለዋለች። ማታ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲመለስ «ሱዳህ ማንዲ?» ይሉታል፤ እሷ «ጉድ ኢቭኒንግ ይሉሃል» ትለዋለች። እሱም አንገቱን ዝቅ አድርጎ አመስግኖ ያልፋል። ሰላም ሰፍኗል።

ሰላሙ የቆየው መዝገበ ቃላቱ እስኪገለጥ ድረስ ነው። በሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ጆን ኤኮልስና ሐሰን ሻዲሊ ያዘጋጁት፣ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመው የኢንዶኔዥያኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ገጾቹ በእርጥበት ያበጡ። እንግሊዛዊው አንድ ምሽት «ማንዲ» የሚለውን ፈልጎ አገኘው፤ ገላ መታጠብ። «ሱዳህ ማንዲ?» ማለት «ታጥበሃል?» ማለት ነው። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መሳቁን ተወ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ታጥበሃል ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ አንቺ እንደምን አመሸህ ይሉሃል ነበር የምትይኝ?»

«እንደምን አመሸህ ነው እኮ ያሉህ» አለች ልጅቷ።

«ቃሉን ነው የምፈልገው። እሳቸው ያሉትን። አንቺ ከመረጥሽልኝ እሳቸውን አላውቃቸውም፤ የማውቀው አንቺን ብቻ ነው።»

ልጅቷ ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለችው፤ «ቃሉን ብሰጥህ ኖሮ ‹ትሸታለህ› ያሉህ ይመስልህ ነበር። ያኔ በእውነተኛ ቃል ዋሸሁህ ማለት ነው።»

እኔ ከጎን ተቀምጬ ሩዜን እየበላሁ ለልጅቷ ፈረድኩላት። የእንግሊዛዊው ክርክር ቀላል አለመሆኑ የገባኝ ግን አልጋዬ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው።

* * *

እስቲ የሁለቱን ቋንቋዎች ሰላምታ ጎን ለጎን እናስቀምጠው። ኢንዶኔዥያውያን ጠዋት «ሰላማት ፓጊ» ይላሉ። «ሰላማት» ከአረብኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ ከእኛው «ሰላም» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ደህንነት፣ ከክፉ መዳን ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ጉድ ሞርኒንግ» ሲል መልካም የሚያደርገው ማለዳውን ነው፤ ኢንዶኔዥያኛው ሰውየው ማለዳውን በደህና እንዲሻገር ይመኝለታል። መልካም ማለዳና ደህና ሰው አንድ አይደሉም። በዚያው ላይ ቀኑን የሚከፍሉበት መንገድ አይገጥምም። «ፓጊ» በእኛ አቆጣጠር እስከ ረፋዱ አራትና አምስት ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ «ሲያንግ» ነው፤ ከዘጠኝ እስኪመሽ «ሶሬ»፤ ከመሸ «ማላም»። የእንግሊዝኛው የከሰዓት ሰላምታ ሁለቱን ደርቦ ይይዛል። በተራው «ሰላማት ማላም» ማታ ሲገናኙም ሌሊት ሲለያዩም ያገለግላል፤ እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ሁለት ቃል አለው።

ስንብት ሲመጣ ነገሩ ይጠብቃል። በኢንዶኔዥያኛ የሚሄደው ለሚቀረው «ሰላማት ቲንጋል» ይላል፤ በደህና ቅር ነው። የሚቀረው ደግሞ ለሚሄደው «ሰላማት ጃላን» ይላል፤ በደህና ሂድ። የሞተንም ሰው የሚሸኙት በዚሁ በኋለኛው ነው። የእንግሊዝኛው «ጉድ ባይ» ግን፣ ጥንት «እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተሸራርፎ የቀረ ቃል ነውና፣ ለሄያጁም ለቀሪውም እኩል ነው። ስለዚህ ይህን አንድ ቃል ወደ ኢንዶኔዥያኛ የሚመልስ ሰው ከመመለሱ በፊት ማን በር ላይ እንደቆመ፣ ማን ቤት እንደሚቀር ማወቅ አለበት። ቃሉን ብቻ የሰማ ሊተረጉመው አይችልም፤ በሩን ማየት አለበት።

ደግሞ ስም አለ። በዚያ አገር «ሰላማት ፓጊ» ብሎ ዝም ማለት ጎዶሎ ነው። «ፓክ» (አባት)፣ «ቡ» (እናት)፣ «ማስ» (ታላቅ ወንድም)፣ «ምባክ» (ታላቅ እህት) ከሚሉት አንዱ ይከተለዋል። ዕድሜውንና ወጉን ገምተህ ሰውየውን ቤተሰብህ ውስጥ ቦታ ትሰጠዋለህ ማለት ነው። ሁሉንም ሰው እኩል የሚጠራ «አንዳ» የሚል ተውላጠ ስም በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቢቀርብላቸው፣ ለማስታወቂያና ለመንግሥት ንግግር ወሰዱት እንጂ እናቱን በዚያ የሚጠራ ልጅ አላየሁም። ይህን ሁሉ እንግሊዝኛው «ዩ» ብሎ ይገላገለዋል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚደረገው ትርጉምም ያስቃል። የሰፈሩ ልጆች እንግሊዛዊውን ባዩ ቁጥር «ሃሎ ሚስተር!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ነጭ ሴት ስታልፍም «ሃሎ ሚስተር!» ነው። እንግሊዝኛው «ሚስተር» ጾታ እንዳለው ልጆቹ አያውቁም ወይም አይገዳቸውም፤ ለእነሱ ሰላምታው ያለ መጠሪያ እንዳይቀር የሚጨመርበት «ፓክ» ወይም «ቡ» ሆኖላቸዋል። ቃሉ የእንግሊዝ ነው፤ ወጉ የኢንዶኔዥያ። እንግሊዛዊው «ሃው አር ዩ?» ሲላቸው ደግሞ ከትምህርት ቤት ያመጡትን መልስ እንደ ጸሎት በአንድ ትንፋሽ ያወርዱለታል፤ ደህና ነኝ አመሰግናለሁ አንተስ።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። «ሃው አር ዩ?» ሲፈታ «እንዴት ነህ?» ነው፤ ነገር ግን የሆድን ዘርግፎ ለሚመልስ ሰው እንግሊዛዊው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። የኢንዶኔዥያኛው አቻ «አፓ ካባር?» ነው፤ «ምን ወሬ?» እንደ ማለት። «ካባር» ከአረብኛ የመጣ፣ ወሬ ማለት ነው። መልሱም «ካባር ባይክ» ነው፤ ወሬው ደግ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ ይቀመጣሉ፤ እዚያ ወሬ የእውነት ይጠየቃል፣ የእውነት ይነገራል፣ የዋሸ ይነወራል። በዮግያካርታው ደጃፍ ላይ ግን ወሬው ሁልጊዜ ደግ ነው። እንግሊዙ ስለ ሁኔታህ ይጠይቅሃል፤ ጃቫዊው ስለ መንገድህ፣ ስለ ሆድህና ስለ ገላህ ይጠይቅሃል፤ እኛ ስለ አዳርህ እንጠይቃለን። ሦስታችንም መልሱን አንጠብቅም።

ታዲያ ሦስታችንም ውሸታሞች ነን?

* * *

ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። ውሸትን በምንም ምክንያት አልፈቅድም ያለው ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ እዚህች ላይ ቆም ብሏል። በደብዳቤ መጨረሻ «ታዛዥ አሽከርዎ» ብሎ መፈረም ውሸት ይባላልን? ብሎ ጠየቀ፤ በዚህ የሚታለል ሰው እንደሌለም ጠቆመ። በዓመቱ ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ በሰዎች መካከል የሚዘዋወረውን ጨዋነት ከዝርዝር ሳንቲም ጋር አመሳሰለው። ንጹሕ ወርቅ አድርጎ የሚቀበለው ሕፃን ብቻ ነው፤ ሆኖም ምንም ገንዘብ ከሌለበት ገበያ ዝርዝር ሳንቲም ያለበት ይሻላል፤ በኪሳራም ቢሆን አንድ ቀን በወርቅ ይመነዘራል አለ። ይህን ምሳሌ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

በኒው ጊኒ አቅራቢያ ባሉ ደሴቶች ሰዎችን ያጠናው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1923 ባወጣው ጽሑፍ፣ «ከየት ትመጣለህ?» የሚሉት ዓይነት ንግግሮች ሐሳብ ለማስተላለፍ ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማያያዝ እንደሚነገሩ አስረዳ። የማናውቀው ሰው ዝም ሲል ያስፈራል፤ ሰላምታ ያንን ዝምታ ይሰብራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ክሊፎርድ ጊርትዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960 ስለ ጃቫ ሃይማኖት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጃቫዎች «ኤቶክ-ኤቶክ» የሚሉትን ወግ መዝግቧል። እውነተኛ ስሜትን ሸፍኖ ሌላ መስሎ መታየት ነው፤ በእነሱ ዘንድ ይህ ነውር ሳይሆን ለሌላው ሰው ማሰብ ነው። ሐዘንህን በጎረቤትህ ጫንቃ ላይ አለመጫን።

እነዚህን ሁሉ ይዤ ፍርዴን ሰጠሁ። ሰላምታ ዓረፍተ ነገር አይደለም፤ ተግባር ነው። እጅ እንደ መንሳት፣ ከመቀመጫ ብድግ እንደ ማለት። ስለዚህ ታማኝ ተርጓሚ የሚያሻግረው ቃሉን ሳይሆን ተግባሩን ነው። «ታጥበሃል?» በእንግሊዝኛ «እንደምን አመሸህ» ነው፤ አለቀ። ልጅቷ ትክክል ናት፤ እንግሊዛዊው ተሳስቷል። ይህን ለመጽሔት እጽፈዋለሁ ብዬ ርእስ ሁሉ መርጬለት ነበር።

* * *

ግንቦት 18 ማታ፣ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልጅቷ «ነገ ሃያ ሰባት ነው» አለችኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሜይ 27 ማለቷ ነው። ዕለቱን አላወቅሁትም። ነገረችኝ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 2006፣ በእኛ ግንቦት 19 ቀን 1998፣ ቅዳሜ ማለዳ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ዮግያካርታና አካባቢዋ ተናወጡ። ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው የባንቱል ወረዳ ከሁሉ የባሰ ተጎዳ። ሰው ገና ከመኝታው አልተነሣም ነበር፤ የጡብ ግድግዳዎች በተኙት ላይ ወደቁ። ከ5,700 በላይ ሰዎች አለቁ። የቤቱ ባለቤት የመጀመሪያ ልጅ ባንቱል ነበር ያገባችው። ከሞቱት አንዷ እሷ ናት።

በማግስቱ ጠዋት እሳቸው እንደ ወትሮው አግዳሚዋ ላይ ተቀምጠዋል። የሩዙ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አለ፤ እጃቸው ግን አይንቀሳቀስም። ጫማዬን አጠለቅሁ። ዘግየት ብለው ቀና አሉና «ማው ከ ማና፣ ማስ?» አሉኝ።

«ጃላን-ጃላን፣ ቡ» አልኩና ሄድኩ።

ከኋላዬ እንግሊዛዊው ወጣ። በዚያ ሰሞን ቋንቋውን ጀምሮ ነበርና፣ በኩራት «አፓ ካባር፣ ቡ?» ሲላቸው ሰማሁ። «ባይክ» አሉት። ልጅቷ፣ ማስተርጎሙ ባያስፈልግም ከልማድ ይሁን፣ «ደህና ነኝ ይሉሃል» አለችው።

ማታ ስንመለስ ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ጎረቤት ተሰብስቧል። ከቁርኣን የያሲን ምዕራፍ ይቀራ ነበር። ሻይና በካርቶን የታሸገ ምግብ ይታደላል። እንግሊዛዊው ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ተነገረው። ጎረቤቱ ከሄደ በኋላ ልጅቷን ወጥ ቤት ውስጥ አገኛት።

«ዛሬ ጠዋት ደህና ናቸው ብለሽኝ ነበር።»

«እሳቸው ናቸው ያሉት። ሊሰጡህ የፈለጉት እሱን ነው። የተዘጋውን በር እንድከፍትልህ ነው የምትፈልገው?»

«ታውቂ ነበር።»

«አዎ፣ አውቅ ነበር።»

ከዚያ ዞር ብሎ እኔን አየኝ። «አንተስ?»

«አዎ» አልኩት። ምንም አላለም። ወደ ክፍሉ ገባ።

* * *

እስከ ዛሬ ድረስ ልጅቷ ያጠፋችው ነገር አይታየኝም። «ባይክ» የእናትየዋ ቃል ነው፤ ባለቤቱ የከደነውን ተርጓሚ የመክፈት መብት የለውም። እንግሊዛዊውም ባያውቅ የሚወቀስበት ነገር የለም። የሚያውቅ የነበረው፣ ተርጓሚም ያልነበረው እኔ ነኝ። የማውቀውን ይዤ ለጠየቁኝ ሰው «ዞር ዞር ልል ነው» ብዬ አለፍኩ። ያውም በዚያን ቀን አነጋገሬ ከሌላው ቀን ሁሉ የጠራ ነበር።

አንባቢ ሊከራከረኝ ይችላል። ምናልባት ያን ማለዳ እናትየዋ የፈለጉት የወትሮውን ሰላምታ በወትሮው ድምፅ መስማት ብቻ ይሆናል። ለሐዘንተኛ ቀኑ እንደ ሌላው ቀን መጀመሩ ራሱ መጽናኛ ነው። ኤቶክ-ኤቶክ ነው፤ ምሕረት ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ያንን አስቤ አይደለም ያለፍኩት። ራሴን ጠይቄዋለሁ። ያለፍኩት ለእሳቸው አዝኜ ሳይሆን ምን እንደምል ስላላወቅሁና ስለፈራሁ ነው። ያቺን ልማዳዊ ቃል የመዘዝኳት እሳቸውን ልሸፍንባት ሳይሆን ራሴን ልደብቅባት ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ድምፃቸውም ቃላቸውም አንድ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው ተናጋሪው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ካንት ሳንቲም ልመለስ። ሰላምታ ዝርዝር ሳንቲም መሆኑን አምናለሁ። በቀን መቶ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ማንም በጥርሱ ነክሶ አይፈትነውም፣ መፈተንም የለበትም። እንግሊዙ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ ቢያልፍ አልዋሸም፤ ጃቫዊቷ «ወዴት ነው?» ብለው መድረሻዬን ባይፈልጉ አልሰለሉኝም። ነገር ግን ሳንቲም ገንዘብ የሚሆነው ያወጣው ክፍል አንድ ቀን ሲጠየቅ የሚከፍለው ነገር ካለው ነው። «እንዴት አደርክ?» ያልነው ሰው፣ አንድ ማለዳ ቆም ብሎ፣ «አላደርኩም» ሊለን ይችላል። ወይም ምንም ሳይል፣ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እጁ ሊቆም ይችላል። ያኔ ነው ዕዳው የሚጠየቀው። ሰላምታን ውሸት የሚያደርገው በዘጠና ዘጠኙ ቀን መልስ አለመጠበቃችን አይደለም፤ በመቶኛው ቀን መልሱ ሲመጣ ቤት አለመገኘታችን ነው።

ስለ ትርጉምም የቀድሞ ፍርዴን አሻሽያለሁ። ልጅቷ ተግባሩን ማሻገሯ ልክ ነው። እንግሊዛዊው ቃሉን መፈለጉም ልክ ነበር፤ ምክንያቱም ያ መቶኛው ቀን ሲመጣ የሚከፈተው በዚያው በቃሉ በኩል ነው። «ጉድ ሞርኒንግ» ለተባለ ሰው የሚቀመጥበት ቦታ የለውም። «ወዴት ልትሄድ ነው?» የተባለ ሰው ግን «የትም» ማለት ይችላል። ከዚያ ጠብ በኋላ ሁለቱ ተስማምተው ልጅቷ ሁለቱንም መስጠት ጀመረች። «ታጥበሃል ወይ ይሉሃል፤ እንደምን አመሸህ ማለታቸው ነው።» ሰላምታው ረዘመ። ማንም ግን አልቸኮለም።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳላነሣ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። «ማው ከ ማና፣ ማስ?» አሉኝ። ሌሊቱን ከመዝገበ ቃላቱ አጥንቼ ያሳደርኩትን አልኩ፤ «ቲዳክ ከ ማና-ማና፣ ቡ።» የትም አልሄድም፣ እናቴ። ለአፍታ አዩኝ። ከዚያ አግዳሚዋ ላይ ፈቀቅ አሉልኝ።

ተቀመጥኩ። ሩዝ መልቀም ቀጠሉ፤ እኔም ከሰፌዱ ዳር ጠጠር እየፈለግሁ አወጣሁ። ቆይተው መናገር ጀመሩ፤ ግማሹ በኢንዶኔዥያኛ፣ ግማሹ በጃቫኛ። ከአራት ቃል አንዱን ብሰማ ነው። የልጃቸውን ስም ሰማሁ። «ግድግዳ» የሚለውን ሰማሁ። ልጅቷ ከበሩ ኋላ ቆማ ነበር፤ አላስተረጎመችም፣ እኔም አስተርጉሚልኝ አላልኳትም። ሥልጠናው አመለጠኝ። በመጨረሻ ሰፌዱን አነሡና «ሱዳህ ማካን?» አሉኝ። «በልተሃል?» ማለት ነው፤ ሰላምታም ነው። «ገና፣ ቡ» አልኳቸው። ገብተው ሩዝና ጉደግ አመጡልኝ፤ ያ የዮግያካርታ ሰው ከጃክ ፍሬ በኮኮናት ወተት እያጣፈጠ የሚሠራው ወጥ ነው። እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጡ።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ጎረቤቴ በየማለዳው «እንደምን አደሩ?» ይለኛል፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ፤ እሱም እኔም ወደየሥራችን እንሮጣለን። በዚህ አላፍርም። ብቻ አንዳንድ ቀን፣ ከማለፌ በፊት እጁን አያለሁ።

እናንተም ደህና ሰንብቱ።